የእግር ውኃ

«አባቴ፣ ዐይንዎን ይጨፍኑና በነካሁዎት ቁጥር ‹አዎ› ይበሉኝ» አላቸው ሐኪሙ። ሽማግሌው እግራቸውን በምርመራ አልጋው ላይ ዘርግተው ዐይናቸውን ጨፈኑ። በመተላለፊያው የሚገፋ የጋሪ ጎማ ሲንሿጠጥ፣ ከግድግዳው ማዶ አንድ ሰው ሲያስል ይሰማቸዋል። ጠበቁ፤ አሁንም ጠበቁ። በመጨረሻ ትዕግሥታቸው አለቀና «ልጄ፣ መቼ ነው የምትጀምረው?» ሲሉ ጠየቁ። ሐኪሙ ወዲያው አልመለሰም። በራስጌ በኩል ቆማ ሁሉን ስትመለከት የነበረችው ሴት ልጃቸው ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሐኪሙ ቁስሉ ያለበትን ስፍራ ብቻ ትቶ የሁለቱንም እግሮች ጣቶች፣ ውስጥ እግራቸውንና ተረከዛቸውን ነክቶ ጨርሶ ነበር።

የነካበት መሣሪያ ሲያዩት የሚያስደንቅ አይደለም። በትንሽ እጀታ ጫፍ ላይ የተተከለ፣ የዓሣ ማጥመጃ ክር የመሰለ ናይለን ነው። ቆዳ ላይ ሲጫኑት ልክ 10 ግራም ኃይል ሲያርፍበት እንዲለመጥ ሆኖ ተሠርቷል፤ ይህም ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ያህል ክብደት መሆኑ ነው። ይህንን ንክኪ የማያውቅ እግር ጠጠርም እሾህም ቢወጋው ለባለቤቱ አይነግረውም። ሽማግሌው ዕድሜ ልካቸውን በልክና በመጠን የኖሩ ሰው ነበሩና ቁጥሩን ሲሰሙ ዝም አሉ። ከዚያም «ዐሥር ግራም?» ብለው ደግመው ጠየቁ፤ የተሳሳተ ስሌት እንዳገኘ ሰው።

ይህ የሆነው በ2011 ዓ.ም. በየካቲት ወር፣ አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ሽማግሌው በጊዜው የሰባ አንድ ዓመት ሰው ነበሩ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በመንገድ ሥራ ቀያሽነት ኖረዋል፤ ቴዎዶላይቱን በትከሻቸው፣ ስንቃቸውን በበቅሎ ጭነው ወሎን፣ ባሌንና ሲዳሞን በእግራቸው አካለዋል። «ሌላው እንጀራውን የበላው በእጁ ነው፤ እኔ ግን በእግሬ ነው» እያሉ መጫወት ይወዱ ነበር። ስኳር እንዳለባቸው ከታወቀ ዐሥራ አራት ዓመት ሆኗል። ኪኒናቸውን ሲያስታውሱ ይውጣሉ፤ ሻይ ያለ ስኳር ይጠጣሉ። በዚህም ከበሽታው ጋር የታረቁ ይመስላቸው ነበር።

በጥር መጨረሻ አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባቸው ዐርፎ ቀብር ሄዱ። ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ለቅሶ ቤቱ የተመለሱት ከሕዝቡ ጋር በእግራቸው ነው። በመንገዱ ላይ፣ ምናልባትም ድንኳኑ ከተተከለበት አጠገብ ከተበተነው የእንጨት ስብርባሪ መካከል፣ አንድ ሚስማር የቀኝ ጫማቸውን ሶል በስቶ ገባ። ሽማግሌው እስከ ማታ ከሚስማሩ ጋር ዋሉ። ንፍሮ ቀመሱ፤ ስለ ሟቹ የወጣትነት ጀብዱ ለልጆቹ አጫወቱ፤ ታክሲ ተሳፈሩ፤ ደረጃ ወጡ። ቤት ደርሰው ሲቀመጡ ጫማው አልወልቅ አላቸው። ለመርዳት የተጠጋችው የዘጠኝ ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ጎትታ ስታወጣው ካልሲው በደም ርሶ ታየ። «አባባ፣ ደም!» ብላ ጮኸች። እርሳቸው ግን ሳቁ። «አላመመኝም እኮ!» አሉ።

ያችን ቃል በኩራት ነበር የተናገሯት። በዚህች ቃል ምክንያት ሦስት ሳምንት ባከነ። ቁስሉ በጨው ውኃ ታጠበ፤ ማር ተቀባ፤ ጎረቤት የመከረው ቅጠል ተለጠፈበት። ልጃቸው ሐኪም ቤት እንሂድ ስትላቸው «ያላመመኝን ምን ብዬ ነው የማሳየው?» እያሉ ይመልሷታል። ካላመማቸው ደግሞ የሚያስቀምጣቸው የለምና በየቀኑ ጋዜጣ ሊገዙ፣ ዕድራቸው ሊደርሱ፣ ቁስሉን እየረገጡ ይወጣሉ። በሁለተኛው ሳምንት የእግራቸው የላይኛው ክፍል አብጦ ቀላ። በሦስተኛው ሰውነታቸውን ብርድ ብርድ አለው፤ ስኳራቸውም በኪኒናው አልወርድ አለ። ያም ሆኖ አላመማቸውም። እምቢታቸውን የረታው ሽታው ነበር። ልጃቸው አንድ ማለዳ ወደ መኝታ ቤታቸው ገብታ መጋረጃውን ስትገልጥ ሽታው ተቀበላት፤ ከዚያ በኋላ ፈቃዳቸውን አልጠየቀችም።

ሕመም እንደ ጠላት የሚታይ ነገር ነው፤ ሰው ሁሉ እንዲርቅለት ይጸልያል። በስኳር ሕመም ግን የሕመም መራቅ ራሱ የጉዳት ምልክት ይሆናል። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ለዓመታት ከልክ በላይ ሲቆይ ነርቮችን ይጎዳል፤ ረጃጅሞቹ ነርቮች ቀድመው ስለሚጎዱም ድንዛዜው ከእግር ጣቶች ይጀምርና ካልሲ እንደሚጠለቅ ወደ ላይ ይወጣል። አንዳንዱን ሰው በመጀመሪያ ያቃጥለዋል፤ ይወጋዋል፤ ሌሊት ብርድ ልብስ እንኳ አያስነካውም። እንዲህ ያለው ቢያንስ ወደ ሐኪም ይሄዳል። ሌላው ግን ምንም ሳይሰማው ይደነዝዛል፤ እንደ ሽማግሌው ማለት ነው። ላብ የሚያመነጩት ነርቮችም ሲደክሙ ቆዳው ይደርቃል፤ ተረከዙ ይሰነጣጠቃል። የእግር ጡንቻዎች ሲሰሉ ጣቶቹ እንደ ጥፍራም ወፍ ይቆለመማሉ፤ የሰውነት ክብደትም በጥቂት ቦታዎች ላይ ብቻ ያርፋል፤ በዚያም ቆዳው ይደድራል፤ ከደደረው ቆዳ በታችም ሳይታይ ይቆስላል። የደም ሥሮች ከጠበቡ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። ቁስሉን የሚያድነው ደም በበቂ አይደርስምና።

ከዚህ የመጨረሻው ጉዳት ሽማግሌው ተርፈው ነበር። ሐኪሙ ሁለት ጣቶቹን በእግራቸው ላይ አሳርፎ የደም ሥራቸውን ትርታ አገኘ፤ ወዲያው ፊቱ ፈታ አለ። ቁስሉንና እብጠቱን ለተወ ሰው ያ እግር ሙቀት ያለውና መልኩ ያማረ፣ የጤነኛ ሰው እግር የሚመስል ነበር። ማታለያውም ይኸው ነው።

ኢንፌክሽኑ አጥንት ነክቶ ስለነበር የቀኝ እግራቸው ትንሿ ጣትና ጎረቤቷ ተቆረጡ። ሽማግሌው ከማደንዘዣው ሲነቁ መጀመሪያ የጠየቁት «ስንት ሴንቲ ሜትር ወሰዳችሁ?» ብለው ነው። የሳቀ አልነበረም። በአጠገባቸው ያለው አልጋ ላይ የተኛው ሰው እግሩን ከጉልበቱ በታች ያጣ ነበር፤ የእርሱም መነሻ አዲስ ጫማ የላጠው ቆዳ ነው። በስኳር ሕመም ምክንያት ከሚቆረጡ እግሮች እስከ 85 በመቶ የሚሆኑት መነሻቸው እንዲህ ያለ ቁስል እንደሆነ የዘርፉ ሐኪሞች ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 የዓለም የስኳር ሕመም ቀን መሪ ሐሳብ እግር ነበር፤ በዚያ ዓመት በየ30 ሰከንዱ በዓለም ላይ አንድ እግር በዚህ ሕመም ሳቢያ እንደሚቆረጥ በሰፊው ተነገረ። ቁጥሩ ሲነገር ያስደነግጣል፤ ግን የሚያስደነግጠው እግሩ የሚያመውን ሰው ነው። ያላመመው ሰው ቁጥሩን የሌላ ሰው ጉዳይ ያደርገዋል።

ከሁሉ የከበዳቸው ግን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የመጣው ትእዛዝ ነው፤ አለመርገጥ። ቁስሉ እስኪደርቅ በምርኩዝ፣ ያውም የግድ ለሆነ ጉዳይ ብቻ እንዲንቀሳቀሱ ተነገራቸው። መድኃኒት ሲባል የሚዋጥና የሚቀባ ነገር ለለመደ ሰው ይህ ሕክምና አይመስልም። ይሁን እንጂ የደነዘዘ እግር ቁስል በየእርምጃው ስለሚፈጭ የቱንም ያህል ቅባት ቢፈስበት ክብደት ካልተነሣለት አይድንም። ጤነኛ ሰው እግሩ ሲቆስል ያነክሳል፤ ማንከሱ ራሱ ሕክምናው ነው። ሽማግሌው ማንከስ አይችሉም ነበር። ሌሊት ሌሊት ቤተሰቡን ላለመቀስቀስ ሲሉ ምርኩዛቸውን ትተው በባዶ እግራቸው ወደ መጸዳጃ ቤት ይሄዱ እንደነበር ያመኑት ከብዙ ወራት በኋላ ነው።

ይህን ለዓለም በሰፊው ያስተማሩት የሥጋ ደዌ ሕሙማን ናቸው። ፖል ብራንድ የተባሉ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1914 ሕንድ ውስጥ ከሚስዮናውያን ቤተሰብ ተወለዱ፤ ከ1946 ጀምሮም በደቡብ ሕንድ፣ በቬሎር ሠሩ። የሥጋ ደዌ ሕሙማን ጣት በራሱ በስብሶ ይወድቃል የሚለውን የዘመናት እምነት ተጠራጠሩ። ሕሙማኑን ቀንና ሌሊት ሲከታተሉ ያገኙት ሌላ ነገር ነው፤ በሽታው ስሜትን ገደለ እንጂ ጣቶቹን አልቆረጠም። ጣቶቹን የጨረሳቸው የጋለ ብረት ድስት፣ የበር ቁልፍ፣ ጫማ ውስጥ የቀረ ሚስማር፣ ሌሊት ደግሞ አይጥ ነበር። ተኝቶ ሳለ አይጥ ጣቱን ስትበላው የማይነቃ ሰው ነበር። ብራንድ እ.ኤ.አ. በ1966 ወደ አሜሪካ፣ ሉዊዚያና ውስጥ ወደሚገኘው የካርቪል የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ሲዛወሩ የስኳር ሕሙማንን እግር አዩና የሚያውቁት ቁስል መሆኑን ተገነዘቡ። ክብደትን በውስጥ እግር ሁሉ ላይ የሚያከፋፍለው ጄሶ፣ ለስላሳው የጎማ ጫማ፣ በእጅ ዳሰሳ የሚታወቀው የእግር ትኩሳት ከአንዱ በሽታ ወደ ሌላው የተሻገሩት በዚህ መንገድ ነው።

የአይጡ ነገር የድሮ ወይም የሩቅ አገር ወሬ የሚመስለው ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ዳር ኤስ ሰላም ውስጥ የሚሠሩት ዶክተር ዙልፊቃርአሊ አባስና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ጽሑፍ አለ። ተኝተው ሳሉ እግራቸውን አይጥ የነከሳቸውን፣ ሳያውቁትም ያደሩትን የታንዛኒያ የስኳር ሕሙማን የሚመለከት ነው። እኚሁ ሐኪም በዚያው ዘመን በታንዛኒያና በሕንድ በተጀመረው ‹ደረጃ በደረጃ› የተሰኘ የእግር ክብካቤ ሥልጠና ውስጥ ተሳትፈው ከየክልሉ የመጡ ሐኪሞችንና ነርሶችን አሠልጥነዋል። ሥልጠናው ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ አልነበረም፤ የሕመምተኛውን ካልሲ አስወልቆ ማየትን ይጠይቅ ነበር።

አዲስ አበባ የሚገኘው ሐኪም ለሽማግሌው ስለሚያስፈልጋቸው ጫማ ሲያስረዳ «ለሥጋ ደዌ ሕሙማን እንደሚሠራው ያለ፣ ውስጡ ለስላሳ፣ ፊቱ ሰፊ» አላቸው። ፊታቸው ጠቆረ። «እኔን ከማን ጋር ነው የምትደምረኝ?» አሉት። ወጣቱ ሐኪም በደግነት የተናገረው ነበርና ደነገጠ። ሽማግሌው እስከ ማታ አኩርፈው ዋሉ። ማታ ለልጃቸው ያወሩላት ግን ሌላ ነገር ነው። በወጣትነታቸው በሥራ ጉዳይ በዘነበወርቅ በኩል ሲያልፉ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው አለርት ገና አዲስ ሳለ፣ እግራቸውን በጨርቅ ጠቅልለው መንገድ ዳር የሚቀመጡ ሰዎች ነበሩ። ሳንቲም ይጥሉላቸው ነበር። «ፊታቸውን አይቻለሁ፤ እግራቸውን ግን አንድ ቀን እንኳ አላየሁም፤ ዐይኔን አነሣ ነበር» አሏት።

ከሆስፒታል የወጡ ዕለት ነርሷ ለቤተሰቡ የሰጠችው መመሪያ አጭር ነበር፤ እግሩ በየቀኑ ይታይ። ማን ይየው? ሽማግሌው ጉልበታቸው ስለማይታጠፍ ውስጥ እግራቸውን ማየት አይችሉም። መስታወት መሬት ላይ አስቀምጠው ሞከሩ፤ ዐይናቸውም በስኳሩ ደክሞ ስለነበር ከመስታወቱ ውስጥ ያዩት ጥላ ብቻ ነው። በሰው ላይ ሊወድቁ ሆነ።

በአገር ቤት ይህ ጥያቄ መልስ ነበረው። ማታ ከእርሻ ወይም ከመንገድ የገባ ሰው እግሩን ሳይታጠብ ወደ ማዕድ አይቀርብም ነበር፤ ለእንግዳም ከእህል በፊት የሚቀርብለት የእግር ውኃ ነው። ውኃው ለብ ብሎ በገበቴ ይመጣል። የቤቱ ሚስት ወይም ሴት ልጅ ተንበርክካ ታጥባለች፤ በጣቶቹ መካከል ገብታ ታሻለች፤ እሾህ ካገኘች በወረንጦ ትነቅላለች፤ የተሰነጠቀ ተረከዝ ካየች ቅቤ ትቀባለች። ሲያበቃም እግር ስማ ትነሣለች። የስኳር ሕመም ነርሶች ዛሬ በየክሊኒኩ ለማስተማር የሚደክሙበት ነገር፣ በየማታው፣ በሌላ ሰው ዐይንና እጅ፣ ያለ ማንም ትእዛዝ ይፈጸም ነበር።

ይህንን በናፍቆት ብቻ ማንሣት ግን ሐቀኝነት ይጎድለዋል። ተንበርካኪዋ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ሴት ነበረች፤ የእርሷን እግር ተንበርክኮ ያየላት ሰው ስለመኖሩ ብዙ አይወራም። ሽማግሌውም ይህን ያውቁታል። በአብዮቱ መጀመሪያ፣ በ1967 ዓ.ም.፣ አንድ የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ ስለ ሴቶች እኩልነት ሲነገር ሰምተው ማታ ቤታቸው ገቡና አዲሷን ሙሽራቸውን «ከዛሬ ጀምሮ እግሬን የምታጠበው ራሴ ነኝ» አሏት። እርሷም ሣቀች፤ እርሳቸው ግን ቃላቸውን ጠበቁ። ባለቤታቸው እስካረፉበት ቀን ድረስ ጠብቀውታል። እናም ልጃቸው ሳፋ ይዛ ስትመጣ «በእኔ ፊት ሰው አይንበረከክም» ብለው እግራቸውን ሰበሰቡ። በዚህም አንድ ሳምንት አለፈ፤ ፋሻው ሲቀየር ብቻ ነበር እግሩ የሚታየው። ግራው ጭራሽ የሚያየው አልነበረም።

ነገሩን የፈታችው የልጅ ልጃቸው ናት። አባባ ሶፋው ላይ እንዲቀመጡ፣ እርሷ ደግሞ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እግራቸውን ፎጣ ባነጠፈችበት ጭኗ ላይ እንዲያሳርፉ ሐሳብ አቀረበች። «ማንም አልተንበረከከም» አለቻቸው። መከራከሪያ አጡ።

ከዚያ ወዲህ ከዜና በፊት የእግር ውኃ ይቀርባል። ቁስሉ ሳይደርቅ በፊት የግራው እግር ብቻ፣ ከደረቀ በኋላ ሁለቱም። ውኃውን የምትለካው ልጅቷ ናት፤ በክርኗ። አንድ ጊዜ እናቷ ስትዘገይ ሽማግሌው ራሳቸው ከማንቆርቆሪያው ቀድተው እግራቸውን ነክረው «ለብ ያለ ነው» ብለው ነበር፤ በማግሥቱ ተረከዛቸው ውኃ ቋጥሮ ተገኘ። በክረምት ማታ እግራቸውን ከሰል ምድጃ አጠገብ ዘርግተው መሞቅም በዚያው ቀረ፤ በምትኩ የሱፍ ካልሲ ተገዛላቸው። እግሩ በውኃ ውስጥ ብዙ እንዲቆይ አይደረግም፤ ይበልጥ ይደርቃልና። በጣቶቹ መካከል በፎጣ ጫፍ ቀስ ብሎ ይደረቃል። ቫዝሊን ተረከዙንና ላዩን ይቀባል እንጂ በጣቶቹ መካከል አይገባም፤ እዚያ እርጥበት ከተቀመጠ ቆዳው ይልጣል። ጥፍሩን የምትቆርጠው እናቷ ናት፤ ቀጥ አድርጋ፣ ጠርዙን ሳትቆፍር። ሽማግሌው የደደረውን ቆዳ በምላጭ መላግ የቆየ ልማዳቸው ነበር። ምላጩ ተደበቀ፤ የት እንዳለ እስካሁን አልተነገራቸውም።

ቤተ ክርስቲያን ሌላ ክርክር አስነሣ። በባዶ እግር መሄድ ቤት ውስጥም ቢሆን ተከልክለዋል። ከቤተ መቅደስ ደጃፍ ግን ጫማ ይወልቃል፤ በቀትር የጋለ የድንጋይ ንጣፍም አለ። ሽማግሌው ይህን ለማንም ሐኪም ሲሉ የሚተዉ አልነበሩም። የንስሐ አባታቸው ግን ካልሲ ጫማ አይደለም አሉና ነገሩ ረገበ። ልጃቸው ወፍራም ነጭ ካልሲ ገዛችላቸው፤ ነጩን የመረጠችው ደም ቢነካው ቶሎ እንዲታይ ብላ ነው። ጎረቤታቸው የሆኑ የመስጊድ ሽማግሌም ስኳር ስላለባቸው ሁለቱ ሰዎች በረንዳ ላይ ተቀምጠው ይመካከራሉ፤ እርሳቸው ለሶላት በየዕለቱ እግራቸውን ስለሚያጥቡ ቢያንስ ማየቱን አላጡትም፤ የሚረሱት በጣቶቻቸው መካከል ማድረቁን ነው።

ጫማውን ሊገዙ የወጡት ከሰዓት በኋላ ነው፤ እግር ወደ ማታ ስለሚያብጥ ጠዋት የበቃ ጫማ ማታ ይጠባል። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሙሉ የወደዱት ጠበብ ያለና ሹል፣ ሊስትሮ እንደ መስታወት ያበራው ጥቁር ቆዳ ነበር። የተገዛላቸው ፊቱ ሰፊ፣ ጥልቅና በማሰሪያ የሚጠብቅ ነው፤ ለጠፉት ሁለት ጣቶች ቦታም ለስላሳ መሙያ ተደረገበት። «ይህ መርከብ ነው» አሉ። የሰፈሩ ሊስትሮ ግን በቁም ነገር «ጋሼ፣ ቆዳው ጥሩ ነው፤ ይወለወላል» ብሎ አጽናናቸው።

ሽማግሌው በቅየሳ ዘመናቸው ይይዙት የነበረው ዓይነት ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር አላቸው። ልጅቷ እግራቸውን አይታ የምትነግራቸውን ይጽፉበታል፤ ቀን፣ ቀኝ፣ ግራ፣ የታየ። ብዙው ገጽ «ምንም» ይላል። እዚህም እዚያም «ግራ፣ ተረከዝ፣ ስንጥቅ፣ 1 ሴንቲ ሜትር» የሚል አለ፤ ሦስት ቀን ቆይቶ «ተዘግቷል» ይላል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ጫማቸውን ከማጥለቃቸው በፊት በእጃቸው ውስጡን ይዳስሳሉ፤ ገልብጠውም ያራግፋሉ። ባለፈው ጾም አንድ ማለዳ ሲያራግፉት ትንሽ ነገር ጠብ ብላ በሲሚንቶው ላይ ተንከባለለች። ልጅቷ ጎንበስ ብላ አነሣችና በመዳፏ ላይ አድርጋ አሳየቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ ተመለከቷት፤ ከዚያም ደብተሩን አስመጥተው በዕለቱ ሰንጠረዥ፣ በቀኝ እግር ሥር «ምስር፣ አንድ ፍሬ» ብለው መዘገቡ።